ሳተላይት ለማዳመጥ ማጉያው የት ይቀመጥ?

በቆቦ ከተማ ጣሪያው ላይ ዓረብሳትን የሚቀበል፣ ወደ 26 ዲግሪ ምሥራቅ የተቃኘ ዲሽ ያለው ሰው ሳያውቀው አንድ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያም እያየ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የመጠቀችው የኳታር ሳተላይት ኤስሃይል-2 ከቴሌቪዥን ሥራዋ ሌላ ኦስካር-100 የተባለ የአማተሮች ማስተላለፊያ ተሸክማለች። ከቆቦ ስትታይ በደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 68 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለምትቆም የላስታም ሆኑ የዞብል ተራሮች አይጋርዷትም። ፈተናው ርቀቱ ነው፤ ሞገዱ ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ እጅግ ይደክማል።

«ከደከመ አጉልቶ መስማት ነው» የሚል ጀማሪ ብዙ ነው። ይሁንና ማጉያ ሲግናሉንና ኖይዙን፣ ማለትም የማይፈለገውን ሹክሹክታ፣ ሳይለይ ያጎላል፤ ከራሱም ይጨምርበታል። ስለዚህ ቅድመ ማጉያ ሲመረጥ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የማጉላት አቅሙ ሳይሆን የራሱ ኖይዝ መጠን፣ ቀጥሎም የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በስሌት እንመልከተው። የሪሲቨሩ ኖይዝ 6 ዴሲቤል፣ በኬብሉ የሚጠፋው 3 ዴሲቤል ቢሆን ድምሩ 9 ነው። የራሱ ኖይዝ 0.5 ዴሲቤል የሆነ፣ 20 ዴሲቤል የሚያጎላ ማጉያ ከሪሲቨሩ አጠገብ ብናስገባ 9ኙ ወደ 3.6 ይወርዳል፤ ያንኑ ማጉያ አንቴናው ሥር ብንሰቅለው ግን 0.8 ብቻ ይሆናል። ዋጋው ያው፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው።

ለኦስካር-100 ደግነቱ ይህ ማጉያ በዲሹ ኤል ኤን ቢ ውስጥ አስቀድሞ ተሠርቶ ተቀምጧል። ኤል ኤን ቢው 13 ቮልት ሲሰጠው በ10,489.5 እና በ10,490 ሜጋኸርዝ መካከል የሚመጣውን ሞገድ ወደ 739.5 እና 740 ሜጋኸርዝ ያወርደዋል፤ ይህንንም ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ አነስተኛ ሪሲቨር ይቀበለዋል። (13 ቮልቱ ወደዚያ ሪሲቨር እንዳይገባ መከላከል ግዴታ ነው፤ ያቃጥለዋል።) የራያ ቀትር ሙቀት ደግሞ የርካሽ ኤል ኤን ቢን ድግግሞሽ ስለሚያንሸራትት «ፒ ኤል ኤል» የተጻፈበትን መምረጥ ይሻላል።

በ145 እና በ435 ሜጋኸርዝ የሚያልፉ ዝቅተኛ ሳተላይቶች ነገር ይለያል። በ145 ሰማዩ ራሱ ኖይዛም ስለሆነ ከ0.8 ወደ 0.3 ዴሲቤል ለመውረድ ገንዘብ ማፍሰስ ትርፉ ኢምንት ነው፤ በ435 ግን ያዋጣል። ከ20 ዴሲቤል በላይ ማጉላትም አያስፈልግም፤ የኤፍ ኤምና የሞባይል ማማዎች ያፍኑታልና። ለዚህ መድኃኒቱ ማጣሪያ ነው። በ145 እየላከ በ435 የሚያዳምጥ ሰውም ማጣሪያ ያሻዋል፤ 145 በ3 ሲባዛ 435 መሆኑን ልብ ይሏል።

ማሰራጨት ፈቃድ ይጠይቃል። ልምምዱን በቅርብ ማየት ለሚሻ ተማሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ የሚገኘው፣ የጥሪ ምልክቱ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሆነው የክበብ ጣቢያ ጥሩ መነሻ ነው።