አበባ የማያውቁ ዕፅዋት

የሥነ ፍጥረት መምህራን በዕለተ ሠሉስ የተገኙትን ዕፅዋት በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱ፣ በምሳር የሚቆረጡ ብለው በሦስት ሲከፍሉ መለያ ያደረጉት የሰውን እጅና መሣሪያ ነው። የዘመናችን ተመራማሪዎች ደግሞ ተክሉ በምን ሥርዓት ራሱን እንደሚተካ አስቀድመው ስለሚጠይቁ፣ በወርኃ ጽጌ የሱሉልታ ሜዳ በአደይ አበባ ሲደምቅ የማንም ዐይን የማያርፍባቸውን፣ አበባ አብበው የማያውቁትን ወገኖች ለብቻቸው ያቆሟቸዋል።

እነዚህን ለመተዋወቅ ከሰበታ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን መውጣት ይበቃል። በጥላው ሥር ድንጋዩንና ግንዱን የሚያለብሰው ሞስ እውነተኛ ሥር ስለሌለው ውኃን በገላው ይጠጣል፤ ወንዴው ሕዋስም ወደ ሴቴዋ የሚደርሰው በዝናብ ጠብታ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ከዚያም በእናቲቱ ሞስ ላይ ቀጭን ዘንግ ይበቅልና ጫፉ ላይ ባለው ከረጢት ስፖር የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ ለነፋስ ይበትናል። በዚያው ጥላ የሚበቅለው የፈርን ነገር ግን የበለጠ ያስደንቃል። በቅጠሉ ጀርባ ተሰልፈው የሚታዩት፣ ለብዙ ሰው በሽታ የሚመስሉት ቡናማ ነጠብጣቦች የስፖር ጎተራዎች ሲሆኑ፣ ከነርሱ ወርዶ እርጥብ መሬት ያገኘ ስፖር የሚያበቅለው ፈርንን ሳይሆን ከጥፍር የማትበልጥ፣ ልብ የምትመስል ስስ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ ወንዴና ሴቴ የሚገናኙትም በርሷ ላይ፣ አሁንም በውኃ አማካይነት ስለሆነ፣ ፈርን ምንጊዜም አያቱን እንጂ እናቱን አይመስልም። ይህ የትውልድ መፈራረቅ ከሞስ እስከ ጥድ የሚደርስ አንድ ሕግ መሆኑን ጀርመናዊው ሊቅ ሆፍማይስተር በ1851 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

የሐበሻ ጥድና ዝግባ ከዚህ የውኃ ባርነት ወጥተዋል። ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው በየራሱ ዛፍ የቆመ ነው፤ ወንዴው ቢጫ ዱቄቱን ለነፋስ ይሰጣል፣ ሴቴዋም ተቀብላ ወፎች የሚለቅሙትን ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ መሳይ ትይዛለች፤ እርሱም ከአበባ የተገኘ ሳይሆን ሥጋ ለብሰው የተጣበቁ ቅርፊቶች ነው።

የመናገሻ ጥድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። ለጥድ ዘሩ ወሳኝ ነው፤ ባሕር ዛፍ ቢቈረጥ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታና ቡራዩ ኮረብታውን ሊይዝ ችሏል፤ ጥድ ግን ከተቈረጠ ጉቶው አይመለስም፣ ተስፋው በዘር ብቻ ነው። ስለዚህ በየደብሩ ቅጥር ጥቂት ጥዶች ቀርተውልናል ብሎ መጽናናት፣ በእኔ አስተያየት፣ የቸኮለ ነው፤ የነፋሱ ዱቄት የማይደርሳት ብቸኛ ሴቴ ጥድ የምታፈራው ውስጡ ባዶ የሆነ ዘር ነውና፣ ችግኝ አፍይ ዘር ከመልቀሙ በፊት በአካባቢው ወንዴ ጥድ መኖሩን ቀና ብሎ ማየት ይኖርበታል።