አርባ አንዱ፦ ለፖሊስ ታስቦ ለአዳኝ የተረፈ ጥይት

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ጠመንጃ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ማን ታጠቀ፣ ማን ትጥቅ ፈታ፣ ማን በማን ላይ ተኮሰ በሚለው ላይ ነው። ይህም አግባብ አለው። ይሁን እንጂ ስለ መሣሪያው ራሱ፣ በተለይም ጠመንጃን ጠመንጃ ስለሚያሰኘው ስለ ጥይቱ፣ እንደ አንድ የቴክኒክ ጉዳይ ተቀምጠን ስንነጋገር አይታይም። እኔ በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የምኖር መካኒካል መሐንዲስ ነኝ። ዒላማ መተኮስና በወቅቱ አጋዘን ማደን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አሜሪካኖች «ፎርቲ ዋን ማግነም» ስለሚሉት፣ እኔና ጓደኞቼ ግን ባጭሩ «አርባ አንዱ» ስለምንለው የሪቮልቨር ጥይት ነው። ገበያ አልቀናውም፤ የተሠራለትም ሥራ አልተቀበለውም። ሆኖም ከስድሳ ዓመት በኋላ ዛሬም በፍቅሩ የተያዙ ሰዎች አሉት። ለምን ይሆን? (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ «ማግነም» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ የመጣው ከትልቁ የሻምፓኝ ጠርሙስ ሲሆን፣ በጥይት ዓለም ከተለመደው የበለጠ ባሩድ የያዘ ኃይለኛ ጥይት ማለት ነው። በ1935 የወጣው 357 ማግነም የተወለደው የ38 ስፔሻል ቀለህ ጥቂት ረዝሞ ነው። በ1955 የመጣው 44 ማግነም ደግሞ እንዲሁ ከ44 ስፔሻል ተወለደ። አርባ አንዱ በ1964 በሁለቱ መካከል ሲገባ የሚረዝም ወላጅ አልነበረውም፤ ከባዶ ተነሥቶ ነው የተሠራው። ይህች ትንሽ ልዩነት ኋላ ብዙ አስከፍላዋለች፤ እመለስባታለሁ።

እንደሚታወቀው የጥይት ስም ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። 38 የሚባለው አረር በእርግጥ ስፋቱ 0.357 ኢንች ነው። 44 የሚባለውም 0.429 እንጂ 0.44 አይደለም። አርባ አንዱ ግን 0.410 ኢንች፣ ማለትም 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቃሉን ጠባቂ ነው። በቁጥር ከሄድን ደግሞ «መካከለኛ» የሚለው ስም ራሱ መታረም አለበት፤ ከ357 ተነሥቶ ወደ 44 ከሚወስደው መንገድ ሦስት አራተኛውን ሄዶ የቆመ ነው።

ታዲያ በኃይል እንዴት ናቸው? ከአጭር በርሜል ሲለካ የተለመደው የፋብሪካ 357 አረር 10.2 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ 375 ሜትር ያህል ይበራል፤ ጉልበቱም ወደ 720 ጁል ይጠጋል። አርባ አንዱ 13.6 ግራሙን በሰከንድ 395 ሜትር ያህል ሲያስወነጭፍ 1060 ጁል ገደማ ይሰጣል። 44 ማግነም 15.6 ግራም በ360 ሜትር ተኩሶ 1010 ገደማ ነው። እዚህ ላይ የአርባ አንዱ ወዳጆች ፈገግ ይላሉ፤ በፋብሪካው ሠንጠረዥ ታናሹ ታላቁን በልጦ ተገኝቷልና። በበኩሌ ይህን ድል ብዙ አላጋንነውም። 44ቱ ከዚህ በጣም የከበዱ አረሮችን ይችላል፤ ትልቅ አውሬ የሚያድን ሰው እነዚያን ይመርጣል። ነገር ግን ለአጋዘን ከሆነ ልዩነቱን አጋዘኑም አያውቀው።

መሐንዲስ ሆኜ ልቤ የተነካው በሌላ ነገር ነው። የሪቮልቨር ሲሊንደር፣ ያ ስድስት ጥይት ይዞ የሚሽከረከረው ብረት፣ ስድስት ጉድጓድ የተቦረቦረበት ድፍን ብረት ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለ44ቱ ሞዴል 29ን፣ ለአርባ አንዱ ደግሞ ሞዴል 57ን የሠራው በአንድ ዓይነት አካል ላይ ነው። የ44 ቀለህ ስፋቱ 11.6 ሚሊ ሜትር፣ የአርባ አንዱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በአርባ አንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሁለት ጎረቤት ጉድጓዶች መካከል የሚቀረው ግድግዳ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ የውጭው ግድግዳም 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ለሁለቱም የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት አንድ ነው፤ 36,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች። የውኃ ቱቦ ያሰላ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ቱቦው ጠብቦ ግድግዳው ሲወፍር ብረቱ የሚሸከመው ጭንቀት ይቀንሳል። አርባ አንዱ እንግዲህ በዚያው ግፊት፣ በዚያው አካል፣ ከበለጠ ብረት ጋር ይተኩሳል። ፀጉር ስንጠቃ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን፤ ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ በመሣሪያው ዕድሜ ሁሉ የሚያገለግል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረውና እኔ የማልቀበለው ምክንያት ግን አለ፤ «አርባ አንዱ ከ44ቱ በጣም ለስላሳ ነው» የሚለው። ሽጉጥ ሲተኮስ እጅን ወደ ኋላ የሚገፋው፣ አዳኞቻችን «ርግጫ» የሚሉት፣ በዋናነት የአረሩ ክብደት በፍጥነቱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ብታባዙ 357ቱ 3.8፣ አርባ አንዱ 5.4፣ 44ቱ 5.6 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይወጣል። ከ357 መጥቶ አርባ አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተኩስ ሰው ለስላሳ አይለውም። ከ44ቱ ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ እሱም በከፊል የሚመጣው አርባ አንዱ ሽጉጥ በጠበቡት ጉድጓዶች ምክንያት ጥቂት ግራም ስለሚከብድ ነው።

ለመሆኑ ይህን ጥይት ማን ፈለገው? በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፖሊስ 38 ስፔሻል ይይዝ ነበር፤ ብዙዎችም ደካማ ነው ይሉት ነበር። 357ቱ ጩኸቱና ብልጭታው በዛ፤ 44ቱ ደግሞ ለሰው እጅ ከበደ ተባለ። የአይዳሆው አዳኝና ጸሐፊ ኤልመር ኪት፣ የድንበር ጠባቂ ፖሊስ የነበረው ቢል ጆርዳን፣ እንዲሁም ስኪተር ስኬልተን የተባለው ጸሐፊ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንንና ሬሚንግተንን ጎተጎቱ። ያሰቡት መጠነኛ ፍጥነት ያለው፣ አረሩ ወፈር ያለ የፖሊስ ጥይት ነበር። ሬሚንግተን ሁለት ዓይነት አወጣ። አንደኛው ለአደን የሚሆነው ኃይለኛው ሲሆን፣ ሁለተኛው ለፖሊስ የታሰበው ለዘብ ያለ የእርሳስ አረር ነው። ለሁለቱም «ማግነም» የሚል አንድ ስም ተሰጣቸው። እኔ እስከማምነው ድረስ ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ለከተማው ምክር ቤት ቀርቦ «ማግነም ልግዛ» ማለት ቀላል አይደለም። ለፖሊስ የተሠራው ሞዴል 58 ደግሞ ባዶውን ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። የአማሪሎ፣ የሳን አንቶኒዮና የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊሶች ሞከሩት፤ ሌሎች ግን ብዙም አልተከተሏቸውም። ቀኑን ሙሉ በወገቡ ተሸክሞት የሚውለው፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ዒላማ የሚተኩሰው ተራ ፖሊስ ከበደኝ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እነ ኤልመር ኪት የዕድሜ ልክ ተኳሾች ነበሩ። ለእነሱ እጅ የሚስማማው ለሌላውም የሚስማማ መሰላቸው። ከሩቅ ሆነን ለአገር ቤቱ ሰው መካከለኛውን መንገድ በወረቀት ነድፈን የምንልክ እኛም፣ ተሸካሚው ማን እንደሆነ ስንቶቻችን ጠይቀን ይሆን?

ሐሳቡ ራሱ ግን አልሞተም። በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት የኤፍ ቢ አይ ባልደረቦች ከተገደሉበት ተኩስ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የበረታ ጥይት ፈለገ። ፍለጋው በ10 ሚሊ ሜትር በኩል ዞሮ በ1990 ወደ 40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አደረሰ፤ 11.7 ግራም አረር፣ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ። ይህ በመሠረቱ የ1964ቱ የፖሊስ አርባ አንድ ቀለል ብሎ፣ ካዝና ባለው ሽጉጥ ውስጥ ተመልሶ መምጣቱ ነው። እሱንም ፖሊሶች ለሃያ ዓመት ያህል ከያዙት በኋላ፣ ኤፍ ቢ አይ በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ተመለሰ። ምክንያቱም ያው ነበር፤ ርግጫው የቀነሰ ሽጉጥ ዒላማን ቶሎ ቶሎ ይመታል።

ይህ ነገር ለእኛም የሚተርፍ ነው። በኦሃዮ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና በሕግ ያልተከለከለ ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ከወገኖቻችን ምክር የሚጠይቀኝ በዝቷል። አንድ ጋሼ የምላቸው ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሰው፣ «አንተ ዘወትር የምታወድሰውን አርባ አንዱን ግዛልኝ። ለሱቁ ነው፤ ከያዙ አይቀር ትልቁን ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አሁን የሚፈልጉት እሱን አይደለም» አልኳቸው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ጩኸቱ ጆሮ ይጎዳል፤ ብልጭታው በጨለማ ዓይን ይጋርዳል። ከመደርደሪያቸው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ስስ ጂፕሰም ነው፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ ሴቶች ፀጉር ይሠራሉ። የሳተ አረር ከየትኛውም ሽጉጥ ቢወጣ እዚያ ግድግዳ ላይ አይቆምም። ስለዚህ የሚሻላቸው የማይስቱበት ሽጉጥ ነው፤ ርግጫው የቀለለ፣ ጥይቱ ረከስ ብሎ ደጋግመው የሚለማመዱበት። የልጅ ልጆች ወደ ሱቁ ስለሚመጡ የሚቆለፍ ሣጥንም ያስፈልጋል። «ግዛልኝ» የሚለውን ደግሞ ፈጽሞ እምቢ አልኳቸው። በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው እየገዙ «ለራሴ ነው» ብሎ ቅጹን መፈረም በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። እኛ አገር ሰው ለሰው መግዛት ውለታ ስለሆነ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ጋሼ ቅር ብሏቸው ሄዱ፤ በኋላ ግን የሦስት ቀን ሥልጠና ተመዝግበው በዘጠኝ ሚሊ ሜትር መለማመድ ጀመሩ።

ወደ ታናሽ ወንድም ጉዳይ እንመለስ። 357 ሽጉጥ ያለው ሰው ርካሹንና ለስላሳውን 38 ስፔሻል በዚያው ሽጉጥ ይተኩሳል። የ44ቱም ባለቤት እንዲሁ 44 ስፔሻል አለው። አርባ አንዱ ግን የራሱን ብቻ ነው የሚበላው። በ1971 «ደርቲ ሃሪ» የተባለው ፊልም ወጥቶ 44ቱን ዓለም ሁሉ ሲፈልገው፣ አርባ አንዱ ይብሱን ተረሳ። ፋብሪካዎች ጥይቱን አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚያመርቱት ሱቅ ውስጥ ቢገኝ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይገኝም።

የጥይት አቅርቦት የመሣሪያ ዕጣ መሆኑን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? በምኒልክ ዘመን «ውጅግራ» ያልነው የፈረንሳዩ ግራስ ጠመንጃ ጥይቱ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። በዓድዋ ዘመን የነበረው ጦራችን ግራስ፣ ሬሚንግተንና ሌላም ዓይነት ጠመንጃ ይዞ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በ1977 ወታደራዊው መንግሥት ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር፣ ወታደሩም በጊዜ ብዛት ጠመንጃውን ከነጥይቱ ለወጠ። ጥይት የሚሰጥህ ሲለወጥ በእጅህ ያለው ብረት ዱላ ይሆናል።

የአርባ አንዱ ወዳጆች መልስ ቀለህ መልቀም ነው። ከተኩስ ሜዳ ስንወጣ ቀለሃችንን አንድ በአንድ ለቅመን፣ ቤት ወስደን አጥበን፣ በእጅ መሣሪያ እንደገና እንሞላዋለን። የናስ ቀለህ በጥንቃቄ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ለእኔ እውነተኛው የአርባ አንዱ ፍቅር ያለው እዚህ ነው። ፋብሪካው የነፈገንን ለዘብተኛ ጥይት ራሳችን ሠርተን፣ ሚዛን ላይ አስቀምጠን፣ ፍጥነቱን ለክተን፣ በማስታወሻ ጽፈን እንይዛለን። የ9 ሚሊ ሜትር ባለቤት ሣጥን ገዝቶ ይተኩሳል፤ ጥይቱን አያውቀውም። የአርባ አንዱ ባለቤት ጥይቱን ሳያውቅ ሊተኩስ አይችልም። ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ አልደብቅም።

በኦሃዮ አርባ አንዱ የሚመቸው ሌላም ምክንያት አለ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አጋዘን በሽጉጥ ለማደን በርሜሉ ቢያንስ 5 ኢንች፣ ቀለሁ ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ያልጠበበ፣ ስፋቱም ከ0.357 ያላነሰ እንዲሆን ይጠይቃል። 357ቱ በሕጉ ወለል ላይ ቆሟል፤ አርባ አንዱ ግን ትርፍ አለው። ለእኔ ይህ ትርፍ ከምንም በላይ ነው፤ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ሌሊቱን ሲሰቃይ የሚያድር እንስሳ የአዳኝ ነውር ነውና። የፖሊሱ ሞዴል 58 በ4 ኢንች በርሜሉ ለዚህ አደን አይፈቀድም፤ ባለ 6 ኢንቹ ሞዴል 57 ይፈቀዳል። በ2014 ደግሞ ኦሃዮ ቀጥ ያለ ቀለህ ያላቸው ጠመንጃዎች ለአጋዘን አደን እንዲገቡ ስትፈቅድ፣ አርባ አንዱ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሽጉጡንና በእጅ የሚቀባበለውን ጠመንጃ በአንድ ዓይነት ጥይት የሚይዝ አዳኝ አለ።

እኔ የምተኩሰው ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ዛፍ ተደግፌ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አጋዘኑን እያየሁ አሳልፈዋለሁ። የኦሃዮ ዋናው የጠመንጃ ወቅት ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ይከፈታል፤ ይህም ኅዳር 15 በሚገባው በጾመ ነቢያት መካከል መሆኑ ነው። ስለዚህ ቀንቶኝ ከገደልኩ ሥጋው ተበልቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ባለቤቴ ያልተባረከ ሥጋ ነው ብላ አትነካውም፤ ልጆቹ ግን በአዋዜ ጥብስ ይጨርሱታል።