የጀግናው ፍጻሜ መክፈቻ፤ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ዐፄ ቴዎድሮስን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረጉ ድርሰቶች ጡዘታቸው በአብዛኛው መቅደላ ነው። በትልም ረገድ ሲታይ ግን የፍጻሜው መክፈቻ ከዚያ ስድስት ወር ገደማ ይቀድማል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ አስጎትተው፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሡ። ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ መንገድ አስጠረጉ። ኋላም የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ገሰገሰ፤ የልብ ሰቀላው ምንጭ ይህ የሁለት ጉዞዎች እሽቅድምድም ነው።

መመለሻቸውን አቃጥለው የወጡ በመሆናቸው የሚያዝያ 6ቱ ሞት ድንገተኛ ሳይሆን ከመነሻው የተዘጋጀ ምርጫ ሆኖ ይነበባል። ሆኖም የተቃጠለው ከተማና የተዘረፈው የበጌምድር ገበሬም የዚህ ምዕራፍ አካል ናቸው። ይህን የዘለለ ድርሰት የጀግናውን ቆራጥነት እንጂ ዋጋውን ማን እንደ ከፈለ አያሳይም።