የማሪዮን ደሴት አይጦች

በየማዕከሉ የተሰበሰባችሁ ተማሪዎች፣ ደብተርና እርሳስ አዘጋጁ። የዛሬው ቃላችን «ደሴት» ነው፤ ደ - ሴ - ት። ደሴት ማለት ዙሪያዋን በውኃ የተከበበች መሬት ማለት ነው።

ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በባሕር ተጉዘን የምናገኛት ደሴት ማሪዮን ትባላለች። ብርድ፣ ዝናብና ነፋስ አይለያትም። ዛፍ የላትም፤ ነዋሪ ሕዝብም የለባትም። ያለው አንድ ትንሽ የምርምር ጣቢያ ብቻ ነው። ጥቂት ሠራተኞች በመርከብ ይሄዱና ዓመት ያህል ተቀምጠው በሌሎች ይተካሉ። የአየሩን ጠባይ ይለካሉ፣ ወፎቹን ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አይጥ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የባሕር እንስሳ ሊያድኑ ከመጡ ሰዎች ጋር አይጥም ከመርከብ ወረደች። ደቡብ አፍሪካ በ1948 እ.ኤ.አ. ደሴቲቱን ይዛ ጣቢያ ስትተክል አይጦቹ አስቸገሩ። መላ ተባለና 5 ድመቶች መጡ። ድመቶቹ ግን አይጥ ከማሳደድ ይልቅ መሬት ቆፍረው የሚኖሩትን ወፎች መብላት ቀለላቸው። በ1977 ቁጥራቸው 3,400 ያህል ደረሰ፤ በዓመት የሚፈጁትም ወፍ 450,000 ያህል እንደሚሆን ተገመተ። በበሽታና በጠመንጃ ድመቶቹን ለማጥፋት እስከ 1991 ድረስ፣ 14 ዓመት ፈጀ።

አይጦቹ ግን ቀሩ። ከ2003 ጀምሮ የአልባትሮስን ጫጩት በሌሊት ከነሕይወቱ ሲበሉት ታዩ። አልባትሮስ ክንፉ ሲዘረጋ 3 ሜትር የሚያህል ታላቅ የባሕር ወፍ ነው። በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል። ጫጩቱ የየብስ ጠላት አይቶ ስለማያውቅ መሸሽ አያውቅም፤ ዝም ብሎ ይበላል። ስለዚህ መላዋን ደሴት በሄሊኮፕተር መርዝ ለመርጨት ዕቅድ ወጥቷል። አንዲት ያረገዘች አይጥ ብታመልጥ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

እንግዲህ መጥኖ መደቆስ ይቀድማል። ደግሞም ይህን ሁሉ ያወቅነው በደብተር ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው።

ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ ከሌላ ቦታ የመጣ ተክል ወይም እንስሳ አለ? ምን ጠቀመ? ምን ጎዳ? ተነጋገሩበትና ሁለት መስመር ጻፉ። ደኅና ሁኑ።