የገንዘብ ዋጋ ሲወርድ ጉዳቱን የሚሸከመው ማን ነው?

በካርቱም ከተማ ደቡባዊ ክፍል አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር አለ። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከ ተነሣበት ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የከተማይቱ ሰፈሮች አንዱ ይህ ነበር። አንዳንዶቹ በሰው ቤት ተቀጥረው፥ አንዳንዶቹም ሻይና ቡና እየሸጡ ካገኙት ላይ ቆጥበው ለወላጆቻቸው ይልኩ ነበር። ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲነገር ነገሩ የባንክ ሹማምንትና የትልልቅ ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የአንዲትን የአል-ሳሃፋ ሠራተኛ ደመወዝ እስከ ጎንደር ድረስ ብንከተለው፥ ነገሩ የእናቶች ጓዳ ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን።

የሠራተኛዋ ደመወዝ የሚከፈለው በሱዳን ፓውንድ ነው። ወደ አገር ቤት ሲላክ ግን ዋጋው መጀመሪያ በዶላር ይለካል፤ ቀጥሎም ወደ ብር ይለወጣል። እንግዲህ ገንዘቡ ሁለት ወንዝ ይሻገራል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዟ 15,000 ፓውንድ ነው እንበል። አንድ ዶላር በ55 ፓውንድ ሲመነዘር ይህ ደመወዝ 273 ዶላር ያህል ይሆናል፤ በ375 ፓውንድ ሲመነዘር ግን 40 ዶላር ብቻ ነው። አሠሪዋ ከደመወዟ አልቀነሰባትም፤ ሥራዋም አልቀለለላትም፤ የተለወጠው የፓውንዱ ዋጋ ነው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እንዲያው የተፈጠሩ አይደሉም። የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ የካቲት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የዶላርን ተመን ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ከፍ አድርጎታል። በእርግጥ በጥቁር ገበያ ዋጋው አስቀድሞ ወደዚያው ተጠግቶ ስለ ነበረ፥ ባንኩ ያደረገው የገበያውን እውነት በመዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ጉዳቱን የቀመሰችው በዚያ አንድ ቀን ሳይሆን ከዚያ በፊት ቀስ በቀስ ነበር።

ፓውንዱ ለምን ወደቀ? ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን፥ ሱዳን ከነዳጅ ዘይት ምርቷ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን አጣች። ዶላር የሚያስገባው ሸቀጥ ሲቀንስ ስንዴና መድኃኒት ከውጭ ለመግዛት ዶላር የሚፈልገው ሰው ግን አልቀነሰም። ፈላጊው በዝቶ የሚፈለገው ሲያንስ ዋጋው መናሩ የማይቀር ነው።

የኢኮኖሚ ሊቃውንት የአገር ገንዘብ ሲረክስ ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ለገዢው ይረክሳል፥ ንግዱም ይስፋፋል ይላሉ። ይህ አባባል እውነትነት አለው። የግራር ሙጫና ሰሊጥ ለውጭ አገር የሚሸጠው የሱዳን ነጋዴ ለእያንዳንዱ ዶላር ብዙ ፓውንድ ያገኛል። ዳቦ ገዢው ግን የሚሸጠው ሙጫ የለውም። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአትባራ የተነሣው ተቃውሞ መነሻው የዳቦ ዋጋ መወደድ ነበር፤ በአራት ወር ውስጥም የፕሬዚዳንት ዑመር አል-በሺር መንግሥት ወደቀ።

የውጭ ባለሀብትም ከዚህ ነገር አያመልጥም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በኩዌት የሆነው የዜይን የስልክ ኩባንያ በሱዳን ከደንበኞቹ የሚሰበስበው ፓውንድ ነው፤ ሒሳቡን የሚዘጋው ግን በኩዌት ዲናር ነው። ስለዚህ ፓውንዱ በወደቀ ቁጥር ከሱዳን ያገኘው ገቢ በመዝገቡ ላይ አንሶ ታይቷል። ነገ የገንዘቡ ዋጋ ስንት እንደሚሆን መገመት ያልቻለ ባለሀብትም ካፒታሉን ይዞ ዳር ቆሞ ይመለከታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚያው ዕለት የዶላርን መግዣ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ከፍ አደረገው። ከዚያም በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴና ከአሜሪካ በዶላር የሚላክለት ቤተሰብ በርከት ያለ ብር አገኙ። በብር ደመወዝ እየተቀበለ ከውጭ የመጣ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ግን ተጎዳ። በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚያሰፋ ፋብሪካም ሠራተኛውን በብር ከፍሎ ልብሱን በዶላር ሲሸጥ ይጠቀማል፤ ጨርቁን ከውጭ የሚያስመጣ ከሆነ ግን ያተረፈውን ከፊሉን መልሶ ያጣዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የምንዛሪ ለውጥ ለሁሉ በረከት ወይም ለሁሉ መርገም አይደለም፤ የሚጎዳውን ከሚጠቀመው የሚለየው በምን ገንዘብ ተቀብሎ በምን ገንዘብ እንደሚከፍል ነው። ስለዚህ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የደመወዙን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚከፈለውን የገንዘብ ዓይነት አስቀድሞ ይጠይቅ። ዋጋው በየቀኑ የሚወርድ ገንዘብም በሣጥን ተቆልፎ ሲቆይ ሳይነካ ያልቃልና፥ የተቆጠበውን በጊዜው መላክ ይሻላል።

ለወላጆችም የምንለው አለን። ከልጅ የሚላከው ገንዘብ ሲያንስ ‹‹ልጄ ረሳችኝ››፥ ወይም ‹‹ገንዘቧን አባከነች›› ለማለት መቸኮል አይገባም። የላከችው ፓውንድ ከአምናው እኩል ሆኖ ሳለ፥ አነስ ብሎ የደረሰው በመንገድ በተደረገው ምንዛሪ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከመውቀስ በፊት የዕለቱን ተመን መጠየቅ የቤተሰብን ፍቅር ይጠብቃል።