ርካሹ የስኳር መድኃኒትና የካንሰር ሕክምና

ሜትፎርሚን ለዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ በቅድሚያ የሚታዘዝ፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነና በኢትዮጵያ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ እንክብል ሲሆን፣ ባለፉት 20 ዓመታት ስሙ ከካንሰር ጋር ተያይዞ ደጋግሞ ሲነሣ ቆይቷል። ካንሰርን ያክም ይሆናል የሚለው ተስፋ እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ላሉ የሰሜን ሸዋ አካባቢዎች የተለየ ክብደት አለው፤ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር፣ ከመሐል ሜዳ፣ ወይም የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ከዓለም ከተማ የሚመጣ ሕመምተኛ አዲስ አበባ ድረስ ከመጓዝ ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር መቀነስ ነው፤ በዚህም ስኳርን ከደም ወደ ሕዋሳት የሚያስገባው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን መጠን ዝቅ ይላል። ኢንሱሊን ሲበዛ አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት ስለሚያግዝ፣ እንዲሁም ሜትፎርሚን የሕዋስ ኃይል የሚመረትበትን ሚቶኮንድሪያ የተባለ ክፍል ስለሚያዳክም፣ ዕጢን ሊገታ ይችላል የሚል ግምት ተፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ2005 በስኮትላንድ የዳንዲ ተመራማሪዎች ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ መገኘቱን ሲያሳትሙ፣ ግምቱ የብዙዎች ተስፋ ሆነ።

ይሁን እንጂ የሕሙማንን መዝገብ እየመረመሩ የሚደረጉ ጥናቶች የተሰወረ ወጥመድ አለባቸው። አንድ ሰው ከሜትፎርሚን ተጠቃሚዎች ጋር የሚቆጠረው መድኃኒቱ እስኪታዘዝለት ድረስ በሕይወት ከቆየ ብቻ በመሆኑ፣ ከመታዘዙ በፊት የኖረበት ዘመን ሳይገባው ለመድኃኒቱ ውለታ ሊቆጠርለት ይችላል። ካናዳውያኑ ሳሚ ሱዊሳና ሎራን አዙላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ብዙዎቹ አስደሳች ውጤቶች በዚህ ስሕተት የተጋነኑ መሆናቸውን አሳዩ። በቤተ ሙከራም ቢሆን በሕዋሳት ላይ የተሞከረው መጠን ብዙ ጊዜ እንክብሉን በሚውጥ ሰው ደም ውስጥ ከሚገኘው እጅግ የበለጠ ነበር።

ቁርጡ የታወቀው ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ለሌላው መልኩን ብቻ የያዘ ባዶ እንክብል ወይም የተለመደውን ሕክምና ብቻ በሚሰጥ ሙከራ ነው። በካናዳ መሪነት የስኳር በሽታ በሌለባቸው 3,649 የጡት ካንሰር ሕሙማን ላይ፣ 850 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ዓመት በመስጠት የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም፣ በዋናው መለኪያ፣ ማለትም ካንሰሩ ሳይመለስ በመኖር ረገድ፣ መድኃኒቱ የተሻለ ውጤት አላስገኘም። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል በተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር ላይ በብሪታንያና በስዊዘርላንድ የተደረገው ሌላ ሰፊ ሙከራም፣ ክብደትንና የደም ስኳርን ቢያሻሽልም፣ ዕድሜ ማራዘሙን አላረጋገጠም።

ተስፋው ግን መሠረት የሌለው ምኞት አልነበረም። ዛሬ ለልጆች የደም ካንሰር የሚሰጠው ቪንክሪስቲን የሚመደብበት የመድኃኒት ቤተሰብ የተገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ካናዳ ውስጥ ለስኳር በሽታ ይጠቅማል የተባለ የጃማይካ ቅጠል ሲመረመር ነው። ተመራማሪዎቹ የደም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ ነገር ፈልገው፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚቀንስ ነገር አገኙ፤ ሕክምናው የተፈቀደው ግን በሕሙማን ላይ ተሞክሮ ከታየ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሜትፎርሚን እስካሁን የካንሰር መድኃኒት አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናን፣ ጨረርን ወይም ኬሞቴራፒን ሊተካ አይችልም። የስኳር በሽታና ካንሰር አብረው የያዙት ሰው እንክብሉን በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ ነገር ግን ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ ወይም ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶት ሲቲ ስካን የሚነሣ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ለጊዜው መቋረጥ ሊኖርበት ስለሚችል ሜትፎርሚን እንደሚወስድ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት።