ሚስማር የማይሻ መሳቢያ

አንባቢ ሆይ፤ ከደመወዝህ ቈጥበህ ጠረጴዛ ልትገዛ ስትሄድ፥ ሒሳቡን ከመክፈልህ በፊት መሳቢያውን አውጥተህ ጐኑን ተመልከት። ፊቱ ከጐኑ ጋራ በሚስማር ብቻ ተመትቶ እንደ ሆነ፥ በተሳበ ቍጥር ይላላል። እንደ ፍስሐ ገነት ዝናብ በሚበዛበት አገርማ እንጨቱ በእርጥበት ያብጣል፥ በደረቅ ወራት ይኰማተራል፥ ሚስማሩም ይዝጋል።

የጥንት ግብጻውያን አናጢዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። የጐኑ ሳንቃ ጫፍ እንደ ተዘረጋ የርግብ ጅራት ሥሩ ጠባብ፥ ጫፉ ሰፊ ኾኖ ይቈረጣል፤ በፊተኛው ሳንቃ ላይም ልኩ ይፈለፈላል። እንግዲህ ብትስበው፥ ሰፊው ጫፍ በጠባቡ በር አያልፍም።

መሞከር ብትፈልግ፥ ጅራቱን አስቀድመህ ቍረጥና በሌላው ሳንቃ ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በስለት አስምር። ለጠንካራ እንጨት በ8 ሳንቲሜትር 1 ሳንቲሜትር፥ ለለስላሳው በ6 ሳንቲሜትር 1 ሳንቲሜትር ማዘንበሉ ይበቃል። መጋዙ በሚጣለው እንጨት በኩል ይሂድ፤ የቀረውን በመሮ ትጠርገዋለህ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በመሥመሩ ላይ ቈርጬ፥ ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ ስሞላ አመሸሁ!

ይህ ኹሉ ድካም ለምን ትል ይኾናል። ለዕቃ የሚመረጠው ዋንዛ በጌዴኦ ለቡናውና ለእንሰቱ ጥላ የሚኾን ዛፍ ነው፤ ይህ የእርሻ አገር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ዓመት ያደገ ዛፍ ወርዶ ሁለት ክረምት ለማይዘልቅ መሳቢያ ሲውል ያሳዝናል።

አናጢውን በጅራት እንዲያጋጥምልህ ለምነው። ዋጋውን ከፍ ያደርግብሃል፥ ቀብድም ይጠይቅሃል፤ ስጠው።